ሐተታ በእንተ ምድረ ቤተ ክርስቲያን፤ በነህምያ ምዕራፍ ፲፫ ላይ የተሰጠ ትርጓሜና ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሠርቶ ከፈጸመ በኋላ፥ በንጉሡ በአርጤክስስ በ32ኛው ዓመት ወደ ንጉሡ ሄደ። ከዚያ ተመልሶ በመጣ ጊዜ ሁለት ክፉ ነገር አገኘ። አንደኛው፥ ካህኑ ኤልያሴብ ቍርባኑ፥ ዕጣኑ፥ ንዋዩና ዐሥራቱ ይቀመጥበት የነበረውን ታላቁን ጓዳ ለወዳጁ ለጦብያ ለቆለት ነበረ። ሁለተኛው፥ ሌዋውያንና መዘምራን ድርሻቸውን ስላላገኙ አገልግሎታቸውን ትተው እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሄደው ነበረ (ነህ. ፲፫፥፬-፲)።

ሐተታ። መጽሐፍ እነዚህን ሁለት ነገሮች አጎራብቶ መጻፉ ያለ ምክንያት አይደለም። ጓዳው ለባዕድ ቢለቀቅ ዐሥራቱ ማደሪያ አጣ፤ ዐሥራቱ ማደሪያ ቢያጣ ሌዋዊው ተራበ፤ ሌዋዊው ቢራብ የመቅደሱ ማኅሌት ተቋረጠ። አንድም፥ ሕዝቡ ዐሥራቱን ያስቀሩት ጓዳው ለማን እንደ ተሰጠ ስላዩ ነው፤ ስጦታው ወደማን እንደሚገባ ያላመነ ሰው እጁን ይሰበስባልና።

ሌዋዊው ወደ እርሻው ሄደ መባሉም እርሻ ሁሉ ርኩስ ነው ማለት አይደለም። ለሌዋውያን 48 ከተሞች ከነመሰማሪያቸው እንዲሰጧቸው ታዝዞ ነበረ (ዘኍ. ፴፭፥፩-፰)፤ መሰማሪያውም ለዘለዓለም ርስታቸው ስለ ሆነ እንዳይሸጥ ተከልክሏል (ዘሌ. ፳፭፥፴፬)። እንግዲህ መሬቱ አገልጋዩን በመቅደሱ አጠገብ እንዲያቆመው ተሰጠ እንጂ ከመቅደሱ እንዲያርቀው አልተሰጠም። የቤተ ክርስቲያን ምድር በማናቸውም ዘመን የሚመዘነው በዚህ ሚዛን ነው።

ታሪክ። በኢትዮጵያ ነገሥታቱ ለአድባራትና ለገዳማት ጉልት ሲሰጡ፥ ስጦታው እንዳይፋለስ በወንጌሉ ኅዳግ ላይ ያጽፉት ነበረ። ብዙ የርስትና የጉልት ጽሑፍ በየገዳሙ «ወንጌለ ወርቅ» በሚባለው መጽሐፍ ተገኝቷል። ይህን ማድረጋቸው ወንጌሉን የሚሽር የለም ብለው ነው። ጉልት ማለትም አብዛኛውን ጊዜ የአፈሩ ባለቤትነት አልነበረም፤ ከዚያ ምድር የሚወጣውን ግብር የመቀበል ሥልጣን ነበረ እንጂ። አራሹ በርስቱ ይኖራል፤ ግብሩ ግን በቤተ መንግሥት ፈንታ ለደብሩ ይገባል። ከዚህም ዘቢቡ፥ ዕጣኑ፥ ጧፉ፥ መጋረጃውና የአገልጋዩ ቀለብ ይሸፈን ነበረ።

በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ በጎንደር የቍስቋምን ቤተ ክርስቲያን ባሠሩ ጊዜ፥ ሕንፃውን ብቻ አቁመው አልተዉትም። ካህናቱንና ደብተሮቹን ከነመተዳደሪያቸው ተከሉ። ለአገልጋዩ የሚከፈለው መሬት በጎንደር ሪም ይባል ነበረ። በሸዋና በሌላውም አገር የሰሞን መሬት ይባል ነበረ፤ ሰሞነኛ ተራውን ጠብቆ የሚቀድሰው ካህን ነውና፥ ስሙ ራሱ መሬቱ የተሰጠው ስለ አገልግሎት መሆኑን ይመሰክራል።

ነገር ግን ዘመን በረዘመ ጊዜ መሬቱና አገልግሎቱ ተለያዩ። የአባቱን የሰሞን መሬት የወረሰ ልጅ ዳዊት ሳይደግም መሬቱን ያዘ፤ ሪሙም ይሸጥና ይለወጥ ጀመረ። መሬቱን የያዘው ባለጸጋ በቤቱ ተቀምጦ ለአንድ ድኻ ቄስ ጥቂት እህል እየሰፈረ በእርሱ ፈንታ ያስቀድስ ነበረ። በዚህ ጊዜ የሚቀድሰው ሌላ፥ የሚበላው ሌላ ሆነ።

ስለ ገባሩም ዝም ማለት አይገባም። «ሲሶ ለቀዳሽ፥ ሲሶ ለነጋሽ፥ ሲሶ ለአራሽ» የሚለው የቀደመ ቃል በገመድ የተለካ ሥፍር አይደለም፤ ሆኖም የምድሩ ፍሬ በማን ትከሻ ላይ ሆኖ ለማን ይከፈል እንደ ነበረ ያሳያል። በተለይ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ መሬቱ በቀላድ እየተለካ በተከፋፈለበት በደቡቡ አገር፥ ብዙ ገበሬ በአባቶቹ ምድር ላይ ጢሰኛ ሆነ። ከመሠዊያው የሚያገለግል ከመሠዊያው ይካፈል ዘንድ ሐዋርያው አስተምሯል (፩ ቆሮ. ፱፥፲፫-፲፬)፤ ነገር ግን የሠራተኛውን ዋጋ የሚያስቀር ሰው ጩኸቱ ወደ ጌታ ጸባዖት ጆሮ እንደሚደርስ ያዕቆብ ጽፏል (ያዕ. ፭፥፬)። ሁለቱም ቃል በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ስላለ፥ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አይቻልም።

ከጠላት ወረራ በኋላ በኅዳር ወር 1935 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ደንብ ታወጀ። በዚህ ደንብ ከቤተ ክርስቲያን መሬት የሚገኘው ግብር በቤተ ክህነት ግምጃ ቤት እንዲጠቃለል ተወሰነ። ይህም የተበተነውን ገቢ ለመሰብሰብ የተደረገ ነበረ፤ በየአጥቢያው የነበረውን የይዞታ ልማድ ግን ከሥሩ አልለወጠውም።

ከዚያም ታላቁ ለውጥ መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ፥ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ። ቤተ ክርስቲያንም ጉልቷን፥ የሰሞን መሬቷንና የኪራይ ቤቶቿን በአንድ ዓመት ውስጥ አጣች። ገባሩ ከቀንበሩ ተላቀቀ፤ ካህኑ ግን ያለ ቀለብ ቀረ። በሌላውም ዓለም እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ ያውቃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1764 ዓ.ም. በሩስያ ዳግማዊት ካትሪን፥ በ1789 ዓ.ም. በፈረንሳይ የሕዝቡ ጉባኤ የቤተ ክርስቲያንን ምድር ወስደዋል። በእነዚያ አገሮች በምድሩ ፈንታ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ደመወዝ ተቈረጠላቸው፤ ያም ደመወዝ ካህኑን የመንግሥት ጥገኛ አደረገው።

በኢትዮጵያ ግን መሬቱ ከመወሰዱ ጥቂት ቀደም ብሎ፥ በ1965 ዓ.ም. በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ወጥቶ የሰበካ ጉባኤ ተቋቁሞ ነበረ። በየአጥቢያው ካህናት፥ ምእመናንና ወጣቶች በአንድነት ተመርጠው የቤተ ክርስቲያኑን ገቢና ወጪ እንዲመሩ፥ ምእመናንም በየቤታቸው የአባልነት መዋጮ እንዲያወጡ ተደነገገ። ይህን ደንብ ያቆሙት ፓትርያርክ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወረዱ፤ በኋላም በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ሥራቸው ግን አልተገደለም። ጉልቱ ከሄደ በኋላ ቅዳሴው ያልታጎለው ከሁሉ ይልቅ በዚህ ሥርዓት ነው፤ ከባለጉልት ይመጣ የነበረውን ቀለብ የድኻይቱ መበለት ሳንቲም ተካው።

አሁን ወደ ሸገር ደቡብ መመልከት ይገባል። ንፋስ ስልክ ላፍቶ አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በዐሥር ክፍለ ከተሞች በተከፈለች ጊዜ ከዐሥሩ አንዱ ሆነ፤ የስሙ መነሻም ገመድ የሌለው ስልክ ነው። ጎፋ፥ መካኒሳ፥ ላፍቶ፥ ጀሞና ለቡ በዚህ ክፍለ ከተማ ይገኛሉ። ላፍቶ፥ ጀሞና ለቡ ቀድሞ የኦሮሞ ገበሬ የሚያርስባቸውና ከብት የሚሰማራባቸው ነበሩ። ዛሬ በእርሻው ፈንታ የመኖሪያ ፎቅ ቆሟል። ስለዚህ በዚህ አገር ያሉት አድባራት ጉልት የላቸውም፥ የሰሞን መሬትም የላቸውም፤ ያላቸው በአጥር የተከበበው ቅጽራቸው ብቻ ነው። በ1987ቱም ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም አይለወጥም፤ ለቤተ ክርስቲያን የቀረላት መጠቀም ነው። የማይሸጥ መሬት ለሌዋውያንም ተሰጥቶ ስለ ነበረ ይህ ለካህናት እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለዚህ በአዲስ አበባ ብዙዎቹ አድባራት በቅጽራቸው ዳር ሱቅ ይሠራሉ፥ አዳራሽ ያከራያሉ፥ ትምህርት ቤት ይከፍታሉ። ይህ የሚነቀፍ አይደለም። አባ ጳኩሚስ በግብጽ በ4ኛው መቶ ዓመት መነኰሳቱን ሰሌን እየታቱ፥ እርሻ እያረሱ በማኅበር እንዲኖሩ አድርጓል፤ የእጅ ሥራና ጸሎት በአንድ ቅጽር ውስጥ አብረው አድረዋል። የሚያስፈራው ሌላ ነው። በቅጽሩ የተሠራው ሱቅ ለዘመድና ለወዳጅ በርካሽ ቢከራይ፥ ውሉም ከምእመናን ቢሰወር፥ ያ ሱቅ ኤልያሴብ ለጦብያ የለቀቀው ጓዳ ነው። ሕንፃው ከፍ እያለ የሚያስቀድሰው ዲያቆን የቤት ኪራይ አጥቶ በሌላ ሥራ ቢውል፥ የአብነት ተማሪውም ቍራሽ ፍለጋ ቢንከራተት፥ ያ ሌዋዊ ወደ እርሻው ሸሽቷል ማለት ነው።

ነህምያ ያደረገውን መጽሐፍ በቅደም ተከተል ይናገራል። አስቀድሞ የጦብያን ዕቃ ከጓዳው ወደ ውጭ ጣለ፤ ጓዳውን አነጻ፤ የእግዚአብሔርን ቤት ዕቃ መለሰ። ቀጥሎ ሹማምንቱን ገሠጸ፤ ሌዋውያኑን ሰብስቦ በየስፍራቸው አቆመ። ከዚህ በኋላ ይሁዳ ሁሉ ዐሥራቱን አመጣ። በመጨረሻም አንድ ካህን፥ አንድ ጸሐፊ፥ አንድ ሌዋዊና አንድ ረዳት በግምጃ ቤቱ ላይ ሾመ፤ የተመረጡትም ታማኞች ሆነው ስለ ተገኙ ነው (ነህ. ፲፫፥፲፩-፲፫)። ዐሥራቱ የመጣው ጓዳው ከነጻ በኋላ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ጓዳው ሳይነጻ ስጦታ የሚጠይቅ ሰው ሥራውን ከመጨረሻው ይጀምራል። የተሾሙትም ብቻቸውን አልተሾሙም፤ ካህኑ ያየውን ጸሐፊው ይጽፈዋል፥ ጸሐፊው የጻፈውን ሌዋዊው ያውቀዋል። የሰበካ ጉባኤ ሥርዓትም በዚሁ ላይ የቆመ ነው።

እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን በዘመናት ብዛት መሬት አገኘች፥ መሬትም አጣች። በነበራትም ጊዜ መሬቱ ከአገልግሎቱ ሲለይ አገልጋዩ ተርቧል፤ ባጣችም ጊዜ ሒሳቡ በታማኝ እጅ ሲሆን መቅደሱ አልተዘጋም። በንፋስ ስልክም ይሁን በጎንደር፥ በቅጽሩ ውስጥ አንድ ክንድ መሬት የምታለማ ደብር ልትጠየቅ የሚገባት ጥያቄ ይህ ነው፤ በዚህ መሬት ፍሬ ማን በመቅደሱ ቆመ፥ ማንስ ከመቅደሱ ወጣ? መልሱን በጉባኤ ፊት በተነበበ ሒሳብ የምትሰጥ ደብር ነህምያ የሾማቸውን አራቱን ሰዎች አግኝታለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።