ልጁ ኬሞ ላይ ነው፣ አተኩሶታል፣ የደም ውጤቱ ግን ገና ነው

ሰሞኑን አንዲት እናት በውስጥ መስመር እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ልጄ ኬሞ ላይ ነው። ሲያተኩሰው ሆስፒታል ወሰድኩት። ደም ቀዱለት፤ ውጤቱ ሳይመጣ ግን በደም ስር አንቲባዮቲክ ጀመሩለት። ምን እንደያዘው ሳያውቁ እንዴት ያክማሉ?»

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። መልሱ ታሪክ ስላለው ታሪኩን ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1948 ቦስተን ውስጥ ዶ/ር ሲድኒ ፋርበርና ባልደረቦቹ አጣዳፊ የደም ካንሰር ለያዛቸው 16 ልጆች አሚኖፕተሪን የሚባል መድኃኒት ሰጡ። 10ሩ ለጊዜው ተሻላቸው። ያኔ ይህ ትልቅ ዜና ነበር። ኬሞ እየተስፋፋ ሲሄድ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። መድኃኒቱ ካንሰሩን ሲመታ፣ ተህዋስያንን የሚዋጉትን ነጭ የደም ሴሎችም አብሮ ይመታል። ካንሰሩ እየቀነሰላቸው በኢንፌክሽን የሚሞቱ ልጆች ብዙ ነበሩ።

በ1966 ጄራልድ ቦዲና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም 52 የደም ካንሰር ታካሚዎችን ተከታትለው የነጭ ሴሎቻቸውን ቁጥር ከኢንፌክሽን ጋር አስተያዩ። ቁጥሩ ሲወርድ፣ በተለይም ወርዶ ሲቆይ፣ ኢንፌክሽኑ ይበዛል። ዛሬ የልጃችሁ ሲቢሲ ሲመጣ ሐኪሙ መጀመሪያ ኒውትሮፊል የሚለውን የሚፈልገው፣ ከ500 በታች ከሆነም ፊቱ የሚለወጠው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። መግል ማለት በአብዛኛው የኒውትሮፊል ክምችት ነው። ኒውትሮፊል ከሌለ መግል የለም፣ ቁስሉ ብዙም አይቀላም፣ የሳንባ ራጁም ንጹህ ሊመስል ይችላል። ትኩሳት ብቻውን ይቀራል።

ታዲያ ጀርሙን በደም ካልቸር ማወቅ አይቻልም? ይቻላል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል። በዚያን ዘመን ደሙ ሾርባ መሰል ፈሳሽ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጨመርና ባለሙያው ደፈረሰ አልደፈረሰ እያለ በየቀኑ በዓይኑ ያየው ነበር። ሱዶሞናስን የመሰሉ ባክቴሪያዎች ያን ያህል አይታገሱም፤ ውጤቱ ሲደርስ ታካሚው ያረፈበት ጊዜ ብዙ ነው። በ1971 ስቴፈን ሺምፍና ባልደረቦቹ ትኩሳቱ እንደታየ፣ ካልቸሩን ሳይጠብቁ፣ ካርበኒሲሊንና ጄንታማይሲን አንድ ላይ የጀመሩበትን ሕክምና አሳተሙ። «መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ መድኃኒት» እየተባልን ለተማርን ሰዎች ቀላል ውሳኔ አይደለም። ዛሬ ግን በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ይኸው ነው፤ የመጀመሪያው መድኃኒት ልጁ በደረሰ በ1 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ይመከራል።

ካልቸሩ ግን አልቀረም። ከመድኃኒቱ በፊት የሚቀዳው፣ አንቲባዮቲክ ከገባ በኋላ ባክቴሪያው ላይበቅል ስለሚችል ነው። እናቶች «ደሙን ጨረሱት» ሲሉ እሰማለሁ። በልጆች ደም ውስጥ ባክቴሪያው በጣም ጥቂት ሊሆን ስለሚችል፣ ጥቂት ጠብታ ብቻ ከተወሰደ ያመልጣል። መጠኑ በልጁ ክብደት የተወሰነ ነው። አሁን ጠርሙሱን የሚከታተሉ ማሽኖች ስላሉ አብዛኛው የሚበቅል ባክቴሪያ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል። ከተገኘ መድኃኒቱ ለእሱ በሚስማማው ይስተካከላል። ብዙ ጊዜ ምንም አይገኝም፤ ይህ ማለት ግን መድኃኒቱ በከንቱ ተሰጠ ማለት አይደለም።

በ2019 ሜምፊስ ከሚገኘው የሴንት ጁድ ሆስፒታል የወጣ አነስተኛ ጥናት፣ የጀርሞቹን የዲ ኤን ኤ ቁርጥራጭ ካልቸር ከማሳየቱ ቀናት ቀድሞ በደም ውስጥ ማግኘት እንደሚቻል አሳይቷል። ገና የዕለት ተዕለት ምርመራ አልሆነም።

ስለዚህ ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ካላችሁ ቴርሞሜትር ቤት ይኑር። ሙቀቱን በብብት ለኩ፣ በፊንጢጣ በፍጹም አይለካ። 38 ከደረሰ ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ «እስኪነጋ እንየው» አትበሉ፤ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ። ክፍለ ሀገር ያላችሁ አዲስ አበባ እስክትደርሱ አትጠብቁ፣ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ግቡ። ካርዱን ይዛችሁ፣ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ መጀመሪያ የምትናገሩት ይህን ይሁን፦ «ልጄ ኬሞ ላይ ነው፣ የመጨረሻውን የወሰደው በዚህ ቀን ነው፣ አሁን አተኩሶታል።»