አርባ በመቶ፦ ማን ቆጠረው?

«ከመቶ ዓመት በፊት ከአገራችን መሬት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ ግን የቀረው 3 በመቶ ብቻ ነው።»

ይህን ዓረፍተ ነገር በሕይወቱ አንድም ጊዜ ያልጻፈ ካለ እጁን ያውጣ። እኛ ጽፈነዋል። የጂኦግራፊ ፈተና ላይ መልሰነዋል፣ በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ አንብበነዋል፣ ዩኒቨርሲቲ ስንገባም የመመረቂያ ጽሑፋችን መግቢያ ላይ ሰክተነዋል። አማካሪያችን «ዋቢ የለውም» ብለው ሲመልሱልን ዋቢ ፍለጋ ወጣን፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀብንም። ያገኘነው ጽሑፍ ደግሞ የራሱን ዋቢ ከየት እንዳመጣው አልጠየቅንም። ማለፊያ ውጤት አገኘንና ተመረቅን።

ዛሬ ያንን ያልጠየቅነውን ጥያቄ እንጠይቅ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1900 ዐድዋ ካለፈ ገና አራት ዓመቱ ነው። የአየር ፎቶግራፍ የለም፣ ሳተላይት የለም፣ የደን መሥሪያ ቤት የለም፣ የአገሪቱ ድንበር ራሱ ገና በውል እየተሰመረ ነው። ታዲያ ያንን 40 በመቶ ማን ቆጠረው?

ይህን የጠየቀ ሰው አለ። ሃልቮር ወየን የተባለ ተመራማሪ በ1995 ጂኦጆርናል በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያ ደጋ የደን መመናመን፣ ስለ መረጃ እና ስለ ማጣቀሻ የሚያወራ ጽሑፍ አሳተመ። ሥራው የመርማሪ ፖሊስ ሥራ ይመስላል። ደን ሊለካ አልሄደም፤ የቁጥሩን ዱካ ነው የተከተለው። አንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ይመራል፣ ሌላው ወደ አንድ ሪፖርት፣ ሪፖርቱ ወደ ሌላ ሪፖርት። በመንገዱ መጨረሻ ላይ ሜትርና ካርታ ይዞ የቆመ ሰው አይገኝም፤ የሚገኘው ሌላ ጸሐፊ ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1997፣ የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን ይህንኑ ትረካ በታሪክ ሰነዶች ፈተነው። የድሮ ተጓዦች ማስታወሻዎች ሲገለጡ ያ ሁሉ ደን ነበረበት የተባለው የሰሜኑና የመካከለኛው ደጋ ብዙው ክፍል ከ1900 በፊት ገና ድሮ የታረሰና የተገለጠ አገር ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ ግን በዚያን ጊዜ ባሕር ተሻግሯል። የኋላው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ ላይ የኢትዮጵያ ደን ከ40 በመቶ ወደ 1 በመቶ ወረደ ይላል፤ ያውም በአራት አሥርት ዓመታት ውስጥ! የእኛ መቶ ዓመት እዚያ ሲደርስ አርባ ሆኗል።

እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ? መልሱ ያለው ማጣቀሻ በሚቆጠርበት መንገድ ውስጥ ነው። ዩጂን ጋርፊልድ የተባለው አሜሪካዊ በ1955 አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ ሳይንሳዊ ጽሑፎችን ማን ማንን እንደጠቀሰ በመመዝገብ ብንፈልጋቸውስ የሚል። በ1964 የመጀመሪያው ትልቅ መዝገብ ታተመ። በ2004 ጉግል ስኮላር መጣ፤ በ2005 ደግሞ ሆርጌ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ኤች ኢንዴክስ የሚባለውን መለኪያ አመጣ። ሃያ ጽሑፎችህ እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሃያ ጊዜ ከተጠቀሱ የአንተ ኤች ሃያ ነው። ዛሬ የመምህራን ዕድገትና የምርምር ገንዘብ በእነዚህ ቁጥሮች የሚወሰንበት አገር ብዙ ነው።

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ችግሩ መዝገቡ ስንት ጊዜ ተጠቀስክ እንጂ ለምን ተጠቀስክ ብሎ አይጠይቅም። ከፍቶ ያነበበና ከሌላው ግርጌ የገለበጠ እኩል አንድ ነጥብ ይሰጣሉ። «ተሳስቷል» ብሎ የጠቀሰውም አንድ ነጥብ ነው። አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላሉ፤ መዝገቡ ግን መላ አይጨምርም፤ ይቆጥራል።

«ታዲያ ምን አለበት? ደን እንድንተክል ካደረገን የቁጥሩ ስሕተት ምን ጎዳ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛም እንደዚያ እናስብ ነበር። ነገር ግን የቁጥሩን ዕዳ የከፈለ ሰው አለ፤ ገበሬው። በ1980ዎቹ ከረሃቡ በኋላ በምግብ ለሥራ እርከን ተሠራ፣ ተራራዎች ተከለሉ፣ ችግኝ ተተከለ። አለን ሆበን በ1995 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው የዚህ ዘመቻ መነሻ ሐሳብ ደኑን የጨረሰው የገበሬው መብዛትና አስተራረስ ነው የሚለው ትረካ ነበር። ገበሬው ግጦሹና ተራራው ሲከለልበት «ምን ትላለህ?» ያለው አልነበረም። ደርግ ሲወድቅ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፣ የተተከለውም ተቆረጠ። አዲስ አበባ ተቀምጠን «ገበሬው አያውቅም» ብለን ፈረድን፤ ያላወቅነው ግን እኛም ነበርን።

መሬቱን ቀርበው የጠየቁት ሌላ ታሪክ ነው ያገኙት። ዶናልድ ክራሚ በ1937 በጣሊያን ጊዜ በወሎ የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዞ በ1997 እዚያው ቦታ ላይ ቆመ፤ በ1998 ባሳተመው ጥናትም ብዙ ቦታ ላይ የዛፉ ብዛት ከድሮው እንደሚበልጥ አሳየ። የጨመረው በአብዛኛው ገበሬው ራሱ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በትግራይ ያነሣቸውን ፎቶዎች ከ140 ዓመት በኋላ ደግመው አነሡ። እነሱም ያዩት ከድሮው የተሻለ ዕፅዋት ነው። የሐይቅ ሐይቅን ጭቃ ቆፍረው የአበባ ብናኝ የቆጠሩት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር ያለበት ቡድን፣ በ2003 እንዳሳተመው በዚያ አካባቢ ደን የተመነጠረው ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ነው፤ በኋላም ጥድ ተመልሶ በቅሎ እንደገና ተመንጥሯል። ታሪኩ ከ40 ወደ 3 የሚወርድ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም፤ ይወርዳል፣ ይወጣል።

ይህን ስንል «ደን አልጠፋም» ማለታችን እንዳልሆነ ልብ በሉልን። የደቡብ ምዕራቡና የባሌው ደን በዘመናችን መመንጠሩ በሳተላይት የታየ ሐቅ ነው። የአንዱን አካባቢ ታሪክ ለመላው አገር ማልበስ ነው ጥፋቱ። ትርጓሜም ቁጥር ይለውጣል። በ2015 አገራችን «ደን» የሚለውን ቃል እንደገና ተረጎመች፤ ግማሽ ሄክታር፣ 2 ሜትር ቁመት፣ 20 በመቶ የቅርንጫፍ ሽፋን። በዚህ መለኪያ የቀርከሃው መሬትና ጥቅጥቅ ያለው የቆላ ዛፍም ስለገባ የደን ሽፋናችን ወደ 15.5 በመቶ ሆነ። ከ3 ወደ 15.5 የወሰደን ችግኝ ብቻ አይደለም፤ ትርጓሜው ነው።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። አዲስ አበባ በ1886 ስትመሠረት በዙሪያዋ የነበረው እንጨት ብዙም አልበረከተም። ማገዶ ስለ ጠፋ ምኒልክ መናገሻቸውን በስተ ምዕራብ ወዳለችው አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። ከተማዋን ካዳኗት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ሲቆረጥ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ነው። በዘመኑ እዚህ የኖረው ሐኪም ሜራብ ከተማዋን «ኢውካሊፕቶፖሊስ» እስከማለት ደርሶ ነበር። ሮናልድ ሆርቫዝ በ1968 ስለዚህ የአዲስ አበባ ባሕር ዛፍ ደን በጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ ላይ ጽፏል። ይህ ጽሑፍ የደን ጥናት ነው ወይስ የከተማ ጥናት? ሁለቱም ነው። የደን ሰዎች መጽሔትና የከተማ ሰዎች መጽሔት ግን ለየብቻ ናቸው፤ እንዲህ መሐል ላይ የወደቀ ሥራ ሁለቱም ቤት እንግዳ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነን ደግሞ ሌላው ነው። ፍቅርተ ኃይሌ በ1991 ለዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ስለሚወርዱት ሴቶች አጠናች። ጎንበስ ብለው ሽቅብ ሳያዩ የሚያልፉትን እነዚያን እናቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ለደን ጠባቂው ሌባ ናቸው፤ ለከተማው ወጥ ቤት ግን የእሳቱ ምንጭ ነበሩ። ከዚያ ጥናት ወዲህ ሸክሙን ትተው ሽመና የጀመሩ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው ሠርተዋል። እንዲህ ዓይነት ሪፖርት የመጽሔት ጽሑፍ ስላልሆነ በመጽሔቶች ላይ በተመሠረቱት የማጣቀሻ መዝገቦች ብዙም ቦታ የለውም። ማንም ያልለካው 40 በመቶ በየመግቢያው ሲጠቀስ፣ ሰው ሄዶ ጠይቆ የጻፈው የሴቶቹ ጉዳይ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ዘንድሮ የመመረቂያ ጽሑፍ የምትጽፉ ወዳጆቻችን አንድ ነገር እንለምናችሁ። «እከሌ እንዳለው» ከማለታችሁ በፊት እከሌን ክፈቱት። እከሌም «እከሌ እንዳለው» ካለ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ሂዱ። ቁጥሩን የለካ ሰው ካጣችሁ «የለካው አልተገኘም» ብላችሁ ጻፉ። አማካሪያችሁ ቢቆጡ እኛን ጥቀሱ፤ የእኛ ማጣቀሻ መቼም በማንም መዝገብ አይገባም።

ቸር እንሰንብት።