የፋሲል ፈረስ

በጥቅምት 1763 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በኅዳር 1770 መግቢያ፣ ወደ ግሽ በሚወስደው መንገድ አንድ ፈረስ ሰው ሳይቀመጥበት ይሄድ ነበር። ኮርቻው ተጭኗል፣ ልጓሙ ገብቷል፣ የሚጋልበው ግን የለም። ከኋላው ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ከአገልጋዮቹና ከመንገድ መሪው ጋር ይከተላል። ፈረሱ የዳሞቱ ገዥ የፋሲል ነው። ብሩስ ራሱ እንደጻፈው፣ ፋሲል ፈረሱን ሲሰጠው እንዳይቀመጥበት ነግሮታል። እንደተጫነ ከፊት ከፊቱ እንዲነዳው፣ የሜጫ ሰው ያንን ፈረስ ካየ ማንም እንደማይነካው አረጋግጦለታል።

ዛሬ ቢሆን ቪዛ እንለዋለን። ያኔ ግን አራት እግር ነበረው፣ ሣር ይበላል።

ስለ ብሩስና ስለ አባይ ምንጭ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ምንጩ ጋ የደረሰባት ደቂቃ ናት። ኅዳር 4 ቀን 1770 እ.ኤ.አ. ጫማውን አውልቆ ቁልቁለቱን ሮጦ፣ ሁለት ጊዜ ወድቆ፣ ውኃውን በኮኮናት ቅል ቀድቶ ለንጉሡ ለሦስተኛው ጆርጅ ጤና ጠጣ። እኔን ግን የምትስበኝ ከዚያች ደቂቃ በፊት ያለችው ሳምንት ናት። ሰው በማያውቀው አገር፣ በማያውቀው መጓጓዣ፣ በማን ፈቃድና በማን ትከሻ ይሄዳል? ይኼን የምትነግረን እሷ ናት።

ብሩስ እንዲሁ ዘው ብሎ የመጣ ሰው አልነበረም። አልጀርስ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሠርቷል። ዐረብኛ ያውቃል፣ ግዕዝና አማርኛም ተምሯል። በ1769 እ.ኤ.አ. በምጽዋ ገብቶ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ደረሰ። ቁስቋም ላይ በእቴጌ ምንትዋብ ቤት ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች አክሞ ተወደደ። ንጉሡ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ግሽን ከነምንጮቿ ጉልት አድርገው እስከ መስጠት ደረሱ። ወረቀቱ ሲነበብ ደስ ይላል። ነገር ግን ከጣና በስተደቡብ የጎንደር ቃል ያለ ፋሲል ፈቃድ ብዙ እርምጃ አይሄድም ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት ደግሞ ራስ ሚካኤል ስሑል ፋሲልን ሊወጉ ሲዘምቱ ብሩስ በራሱ ሰፈር ውስጥ ነበር። ስለዚህ ፋሲል ፊት የቀረበው ከጠላት ወገን እንደመጣ እንግዳ ነው። የጠቀመው ነገር ቢኖር ለፋሲል የጦር አበጋዝ መድኃኒት ልኮ ማከሙ ነበር።

ፋሲል መጀመሪያ ላይ አጣጣለው። አንተ ፈረንጅ ነህ፣ አገሩ ክፉ ነው፣ አትችለውም ዓይነት ነገር። ብሩስ በንዴት አፍንጫው እስኪደማ ተከራከረ። በማግስቱ ፈረስ ቀረበለት፣ ተቀመጥበት ተባለ። ያልተገራ ፈረስ ኖሯል። ዘለለ፣ ተፈናጠረ፣ ሊጥለው ብዙ ታገለ። ብሩስ ግን ጎበዝ ፈረሰኛ ነበርና ሽቅብ ቁልቁል ጋልቦ፣ ትንፋሽ አሳጥቶ፣ አድክሞ መለሰው። ፋሲል ሆን ተብሎ የተደረገ አይደለም ብሎ አዘነ። እውነቱን እነሱ ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። ግሽን አጸናለት፣ ወልዶ የሚባል መንገድ መሪ ሰጠው፣ ያንን የራሱን ፈረስም ጨመረለት።

እንግዲህ ሁለት ፈረሶች አሉ። አንዱ የሚፈትን፣ አንዱ መንገድ የሚከፍት። ሁለቱንም ያቀረበው ባለአገሩ ነው።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ግሽ አባይ የሚባለው ሰፈር ልጅ ነኝ። ሰፈሩ ስሙን የወሰደው ሰከላ ካለው ከምንጩ ነው። ትምህርት ቤት እያለን የአባይን ምንጭ ማን አገኘው የሚለው ጥያቄ አንድ ምልክት ያስገኝ ነበር፣ መልሱም ጄምስ ብሩስ ነበር። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ “ቲቸር፣ እዚያ የነበሩት ሰዎችስ?” ብሎ ጠይቆ ክፍሉ በሳቅ ሲሞላ ትዝ ይለኛል። መልስ ግን አልተሰጠውም። ባለፈው ዓመት ለሥራ ወደ ስኮትላንድ የምሄድበት ዕድል ሲገኝ፣ ሰውየው የተቀበረበትን ቦታ ለማየት የወሰንኩት በዚያ ጥያቄ ምክንያት ነው።

ብሩስ ከእስክንድርያ ተነስቶ ግሽ ለመድረስ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። እኔ ማታ ቦሌ ተሳፍሬ ጠዋት ለንደን ቁርስ በላሁ። ይኼ የአየር ላይ ክፍሉ ነው። የምድር ላዩ፣ ማለትም የወረቀቱ፣ ወራት ወስዷል። የባንክ ደብተር፣ የአሠሪ ደብዳቤ፣ የአሥር ጣት አሻራ፣ ትመለሳለህ ወይ ለሚለው ጥያቄ ማስረጃ። የፋሲልን ፈረስ በደንብ የተረዳሁት እዚያ ወረፋ ላይ ተቀምጬ ነው። በዚህኛው አቅጣጫ ሲኬድ ፈረሱ በቀላሉ አይገኝም።

ግላስጎው ከሚኖር አብሮ አደጋችን ጋር አራት ሆንን። አራት ሰው ሆቴል ለሆቴል ከሚያድር ቤቱን ተሸክሞ የሚሄድ መኪና መከራየት ይረክሳል ተባለና ተከራየን። ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ መታጠቢያ ያለው፣ ከውጭ ሲታይ ሚኒባስ ላይ ሳሎን የጫኑበት የሚመስል መኪና ነው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ይዞ ለጉብኝት የሄደ ሰው እዚያ እስከ አንድ ዓመት ትንንሽ ተሽከርካሪ እንዲነዳ ሕጉ ይፈቅዳል። ክብደቱ ከሦስት ቶን ተኩል እስካልበለጠ ድረስ ቤትም የተሸከመ ቢሆን ይቻላል። እኛም ያንኑ መረጥን።

አከራዩ ሽማግሌ ናቸው። ከመንዳቱ በፊት ቤቱን አስተማሩን። ንጹሕ ውኃ በየት እንደሚሞላ፣ የታጠብንበት በየት እንደሚለቀቅ፣ የሽንት ቤቱ ሣጥን በየት ተስቦ ወጥቶ የት እንደሚደፋ፣ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ጋዙ እንደሚዘጋና ቁም ሣጥኑ ሁሉ እንደሚቆለፍ አሳዩን። ከዚያ የፊት መስተዋቱ አጠገብ የተለጠፈችውን ቁጥር በጣታቸው መቱ። ቁመታችን ናት፣ ሦስት ሜትር ገደማ። ድልድይ ሥር ከመግባታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ፣ ድልድዩ ላይ የተጻፈውንም አንብቡ አሉን። በመጨረሻ ከጎኔ ተቀምጠው ግቢውን ሁለት ጊዜ አዞሩኝ። ፈረሱን የሚፈትኑት መስሎኝ ነበር። ለካ የሚፈትኑት እኔን ነው።

መሪው በቀኝ ነው፣ ማርሽ የሚቀየረው በግራ እጅ ነው፣ መንገዱ በግራ ነው፣ አደባባይ የሚዞረው በሰዓት አቅጣጫ ነው። ባሕር ዳር ላይ በባጃጅና በብስክሌት መካከል ለተማረ እጅ ሁሉም ነገር መስተዋት ውስጥ እንዳለ ነው የሚመስለው። ግን አንድ ነገር አጽናንቶኛል። የኛም አገር መኪና እስከ ግንቦት 30 ቀን 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ይነዳ ነበር። ሰኔ 1 ቀን ወደ ቀኝ ተዛወረ። ስዊድን ይኼንኑ ያደረገችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ከመቶው 83ቱ እምቢ ቢሉም፣ መንግሥት በሴፕቴምበር 3 ቀን 1967 ንጋት ላይ ትራፊኩን አስቁሞ አሻገረው። ሱዳን በ1973 ተከተለች። ኬንያ እስከ ዛሬ በግራ ናት፣ ስለዚህ ሞያሌ ላይ ድንበር የሚሻገር የጭነት መኪና ሹፌር ሁሉ እኔ ስኮትላንድ ድረስ በርሬ የተማርኩትን ሥራዬ ብሎ ይሠራዋል። የ1956ቱ ሹፌሮችም አንድ ቀን ማታ ያወቁትን ጠዋት ትተው ሌላ ተማሩ። ስማቸውን የጻፈ አላጋጠመኝም።

የብሩስ መቃብር ላርበርት ነው፣ ከኤዲንብራ ወደ ስተርሊንግ በሚወስደው አውራ ጎዳና ብዙም ሩቅ ያልሆነ፣ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ጸጥ ያለ ሰፈር። ሐውልቱ ድንጋይ አይደለም፣ ብረት ነው። ቅርብ በነበረው የካሮን ብረት ማቅለጫ ቀልጦ የተሠራ ነው። ይኼ እንዲሁ የሆነ አይደለም። የብሩስ አባቶች ርስት ኪኔርድ የድንጋይ ከሰል ነበረበት፣ ካሮን ደግሞ ከሰሉን ይገዛ ነበር። በሌላ አነጋገር የአባይን ምንጭ ጉዞ ያስቻለው ገንዘብ በከፊል ከዚያው ከመሬት ሥር የወጣ ነው። በረሃ ያልገደለው፣ ጦርነት ያልገደለው ሰው፣ በ1794 እ.ኤ.አ. አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲቻኮል ከገዛ ቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ።

ብረቱ ፊት ቆሜ የትምህርት ቤቱን ጥያቄ አሰብኩ። የተለመደው መልሳችን “እኛ እዚያው ነበርን፣ ምን አገኘ?” የሚል ነው። እውነት ነው። ከብሩስ በፊት እንኳ ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ምንጩን አይቷል፣ ብሩስ ግን ሊቀበለው አልፈለገም። ከብሩስ ጎን ደግሞ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰዓሊ ነበር። እስከ ግሽ ድረስ አብሮት ሄዷል፣ ጎንደር ሞቶ ቀርቷል። ብሩስ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ ውስጥ ባሉጋኒ ወደ ምንጩ አብሮት እንደሄደ አልጻፈም። መጀመሪያ ለመባል ብቻውን መሆን ነበረበት።

ግን “እኛ እዚያው ነበርን” ማለትም በቂ አይደለም። “እኛ” የሚለው ቃል ራሱ ስም ይውጣል። እዚያ የነበረው ፋሲል ነው። እዚያ የነበረው ወልዶ ነው፣ ምንጩ ሲቃረብ እግሬን አመመኝ ብሎ ተቀምጦ የብሩስን ቀይ የሐር መቀነት ሳይቀበል መንገዱን አላሳይም ያለው ብልጥ። እዚያ የነበሩት የወንዙ ካህን ክፍለ አባይ ናቸው፣ ብሩስን በቤታቸው ያሳደሩት ነጭ ጢም ያላቸው የአገው ሽማግሌ። ብሩስም ጫማውን ያወለቀው እነሱ አውልቅ ስላሉት ነው።

እነዚህን ሰዎች የማውቃቸው ደግሞ ከብሩስ መጽሐፍ ነው። ይኼን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ባሉጋኒን የደበቀ ሰው የፋሲልን ፈረስ አልደበቀም። በወልዶ የተሸነፈበትን ሳይቀር ጽፎታል። ምናልባት ባሉጋኒ ተፎካካሪ ሊሆን ስለሚችል፣ ወልዶ ግን ለንደን ሄዶ ስለማይከራከረው ይሆናል። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ አገር ቤት ማንም ያልጻፈላቸውን ሰዎች የጻፈው እሱ ነው። አገሩ ሲመለስ ሳሙኤል ጆንሰንን የመሳሰሉ ሰዎች እንኳን ምንጩን፣ አገሩንም ማየቱን ተጠራጥረዋል። የእኛ ሰዎች ስም አብሮት ተጠራጣሪ ፊት ቆሟል ማለት ነው።

ለዚህ ነው ማን አገኘው የሚለው ጥያቄ ለእኔ አሮጌ የሆነብኝ። ፈተና ላይ የምጽፈው እኔ ብሆን ጥያቄውን እለውጠዋለሁ። ማን አሳደረው? ማን መንገድ መራው? ፈረሱን ማን ሰጠው? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ አላቸው፣ ሰዎቹም ስም አላቸው። አንድ አገር እንግዳ እንዴት እንደተቀበለ የሚያሳዩ ናቸውና የኛ ታሪክ ናቸው። ግሽ አባይን “የተገኘ ቦታ” ከማድረግ ይልቅ ፈቃድ የሚጠየቅበት ቦታ ያደርጉታል።

ጉልቱም ቢሆን ተረስቷል። ንጉሥ ሰጠ፣ ፋሲል አጸና፣ ብሩስ ለልጅ ልጅ ተብሎ የተሰጠውን ይዞ አገሩ ገባ። ላርበርት ካለው ብረት ሥር የተቀበረው ሰው በወረቀት ከሄድን የሰከላ ባለጉልት ነው። የሚጠይቅም፣ የሚከለክልም የለም። ምንጩ ግን ዛሬም ጸበል ነው። ሰው ከጎጃምም ከጎንደርም እየመጣ ይጠመቅበታል። ጉልት ያለውም የሌለውም፣ በእግሩም በመኪናም የመጣ፣ እዚያ ሲደርስ ጫማውን ያወልቃል።