በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ራም ስለ መጨመር፤ የአንድ ልማድ አጭር ታሪክ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኮምፒዩተር ባለቤት ማኅደረ ትውስታውን፣ በተለምዶ ራም የሚባለውን፣ በገዛ እጁ ለመጨመር እንዴት እንደ ቻለ፣ ይህም ችሎታ በላፕቶፕ ላይ በምን ምክንያት እየቀነሰ እንደ ሄደ ለማስረዳት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለዚህ ምርመራ ያነሣሣኝ ትንሽ ነገር ነው። ከዘመድ የተሰጠኝ አሮጌ ላፕቶፕ 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ስለ ነበረው፣ ብዙ ሥራ ባንድነት በተከፈተ ጊዜ ፈዞ ይቀር ነበር። ጓደኞቼ ዕድሜው አልቋል አሉኝ። ጀርባውን በካቻቢቴ ፈትቼ ባዶ በነበረው ማስገቢያ ሌላ 4 ጊጋባይት ብጨምርበት ግን ይህነን ጽሑፍ ለመጻፍ በቃ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ራም ሲሞላ ኮምፒዩተሩ የተረፈውን ወደ ዲስክ ያወጣል፤ ዲስክ ከራም እጅግ የዘገየ ስለ ሆነ፣ ሌላው ክፍል ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ ሥራው ቆሞ ይጠብቃል።

በመዠመሪያው ዘመን ራም መጨመር ለግለሰብ የሚታሰብ አልነበረም። በ1953 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በዊርልዊንድ ኮምፒዩተር ላይ የተተከለው ማኅደረ ትውስታ ከጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች የተሠራ ነበር፤ ሽቦ በያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ያልፋል፤ አንዱ ቀለበትም አንድ ቢት ብቻ ይይዛል። ይህነን የለወጠው የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲስ ሮበርት ዴናርድ ነው። እርሱ በ1966 አንድን ቢት በአንድ ትራንዚስተርና በአንድ ካፓሲተር ለመያዝ እንደሚቻል አሰበ፤ በ1968ም የፈጠራ መብቱ ተሰጠው። በካፓሲተሩ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ቶሎ ስለሚያልቅ ያለማቋረጥ መታደስ አለበት፤ ዳሩ ግን ቦታው ጥቂት፣ ዋጋውም ርካሽ ሆነ። በ1970 ኢንቴል 1,024 ቢት የሚይዘውን 1103 የተባለ ቺፕ ለገበያ አቀረበ።

የቺፕ መርከስ ብቻውን ግን አልበቃም። በ1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. ፒሲ በ16 ኪሎባይት ይዠምር ነበር፤ በማዘርቦርዱ ላይ እስከ 64 ኪሎባይት ለማድረስ ቺፖቹን አንድ በአንድ መሰካት ያስፈልግ ነበር። አንዲት ቀጭን እግር ብትታጠፍ ድካሙ ከንቱ ነው። በ1983 ዋንግ ላቦራቶሪዎች የተባለው ኩባንያ ቺፖቹን በአንዲት ትንሽ ሰሌዳ ላይ ደርድሮ ሰሌዳይቱን ባንድ ጊዜ የሚሰኩበትን ዘዴ አመጣ። የኩባንያው መሥራች አን ዋንግ አስቀድሞ በ1949 ለማግኔት ማኅደረ ትውስታ የፈጠራ መብት የጠየቀ ሰው ነው።

ከዚህ በኋላ ዋናው ነገር ስምምነት ሆነ። ጄዴክ የተባለው የኢንዱስትሪው ማኅበር የሰሌዳውን መጠን፣ የመገናኛ ነጥቦቹን ቍጥርና የኤሌክትሪኩን ልክ በደንብ ወሰነ። ለላፕቶፕ በተሠራው ሶዲም በሚባለው አጭር ሰሌዳ፣ በ2003 ደንቡ የወጣለት ዲዲአር2 200 ነጥብና 1.8 ቮልት፣ የ2007ቱ ዲዲአር3 204 ነጥብና 1.5 ቮልት፣ የ2012ቱ ዲዲአር4 260 ነጥብና 1.2 ቮልት አላቸው። አንዱ ትውልድ በሌላው ማስገቢያ እንዳይገባ የሰሌዳው ክፍተት ቦታው ይለያያል። በአንድ ትውልድ ውስጥ ግን ያንዱ ፋብሪካ ሰሌዳ በሌላው ፋብሪካ ላፕቶፕ ሊሠራ ይችላል። እንግዲህ የባለቤቱ ነጻነት የአንድ ፋብሪካ ችሮታ ሳይሆን የብዙዎች ስምምነት ፍሬ ነው።

ይህ ስምምነት ቀስ በቀስ ተሸረሸረ። በ2008 የወጣው ማክቡክ ኤር 2 ጊጋባይት ራሙ በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነበር፤ በ2012 የወጣው ባለ ሬቲና ማክቡክ ፕሮም እንዲሁ ሆነ፤ ሌሎች አምራቾችም በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖቻቸው ይህነኑ አደረጉ። በእውነት ለመፍረድ፣ ምክንያት አልነበራቸውም ለማለት አይቻልም፤ የተበየደ ራም ቦታ ይቈጥባል፤ መንገዱም ስለሚያጥር አነስተኛ ኤሌክትሪክ የሚፈጀውን ዐይነት በፍጥነት ለማሠራት ይመቻል። ነገር ግን ላፕቶፑ በተገዛበት ቀን የእርጅናውም ቀን ዐብሮ ተወሰነ። ጄዴክ በ2023 መጨረሻ ካም2 የተባለውን በብሎን የሚታሰር ስስ ሰሌዳ በደንብ ማውጣቱ፣ ቅጥነትና መለወጥ የግድ ጠላቶች እንዳልሆኑ ያስረዳል።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ለእኛ ለተማሪዎች ቀላል አይደለም። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ራሙ የተሰካ ነው ወይስ የተበየደ፣ ትውልዱስ የትኛው ነው ብሎ ይጠይቅ። ስሌቱ ባለ 32 ቢት የሆነ ሥርዓት በተራ አሠራሩ ከ4 ጊጋባይት፣ ማለት ከ4,294,967,296 ባይት በላይ ስለማይጠቀም፣ ይህም ይመርመር። ሲፈታም ኤሌክትሪኩንና ባትሪውን ይለያይ። አንድ ዕቃ አርጅቷል ከማለታችን በፊት ያረጀው ዕቃው ይሁን፣ ወይስ የሚከፈትበት በር ተዘግቶ እንደ ሆነ መለየት ይገባናል።