የልጅ ምርመራ እና የቤተሰብ ክርክር በወረርሽኝ ወቅት

የአንድ ሕጻን ሰውነት ማታ አተኮሰ እንበል። እናት ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ወስጄ ላስመርምረው ትላለች። አባት ሁለት ቀን እንየው ይላል። አያት ደግሞ ምች ነው የመታው ብለው ዳማ ከሴ ሊቀጥፉ ወደ ጓሮ ይወጣሉ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ የአንድ ምሽት ወሬ ሆኖ ያልፍ ነበር። በኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ ዓመታት ግን ይኸው የትኩሳት ጉዳይ ባልና ሚስትን፣ አማትና ምራትን፣ ተፋተው ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆችን ጭምር ያከራክር ነበር።

ክርክሩ ለምን እንደሚከር ለመረዳት የ2012 ዓ.ም መጋቢትን መለስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን የገለጸው መጋቢት 2 ቀን ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ይፋ የሆነው በ2ኛው ቀን መጋቢት 4 ነበር። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ መጋቢት 30 ደግሞ ለ5 ወራት የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የተጠርጣሪዎች ናሙና መጀመሪያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር፤ ቀጥሎ በአዲስ አበባ፣ ከዚያም በክልሎች የመመርመሪያ ላቦራቶሪዎች ተከፈቱ። በዚያን ጊዜም ቢሆን ከላቦራቶሪ ርቆ ከሚገኝ ወረዳ የተወሰደ ናሙና ውጤቱ እስኪመለስ ቀናት ሊቆጠሩ ይችሉ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቫይረሱ የተገኘበት ሰው የሕመም ምልክት ባይታይበትም ወደ ለይቶ ማከሚያ ማዕከል ይወሰድ ነበር፤ ከእርሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውም ወደ ለይቶ ማቆያ ይገቡ ነበር። በሽታው የቀለለላቸው ሰዎች በቤታቸው ተለይተው እንዲታከሙ የተደረገው ዘግየት ብሎ ነው።

በዚህ ምክንያት ብዙ ቤተሰብ ምርመራን በአእምሮው የሳለው ከአምቡላንስ ጋር አያይዞ ነው። ልጄ አይመረመርም የሚል አባት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ወደ አፍንጫ የምትገባውን ቀጭን ዘንግ አይደለም፤ ከውጤቱ በኋላ የሚመጣውን ነው። ልጁ ብቻውን ይወሰድ ይሆን? የቀን ሥራው ይቋረጥ ይሆን? ወተት የሚወስዱት ደንበኞች ይሸሹ ይሆን? ቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶች በሩን አልፈው ይሄዱ ይሆን? እናት ደግሞ የምትፈራው ሌላ ነው፤ ባይመረመርና ቢብስበትስ? ሁለቱ የሚነጋገሩ ይመስላሉ እንጂ የየራሳቸውን ስጋት ነው የሚያሰሙት። አንዱ ስለ ልጁ ሕመም፣ ሌላው ስለ ቤቱ ስምና ገቢ እየተናገረ ክርክሩ አይገናኝም።

በሽታን ለይቶ ማወቅ ለአርሶ አደሩ እንግዳ ነገር አይደለም። አንዲት ዶሮ አንገቷን ስትጠመዝዝ ያየ ገበሬ ፈንግል ገብቶ እንዳይሆን ብሎ ሌሎቹን ይለያል። በሬው በድንገት ወድቆ ቢሞት አባ ሰንጋ እንዳይሆን ሰግቶ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠራል። ይህን የሚያደርገው ሰው ልጁን ለማስመርመር ሲያመነታ ማየት ለከተሜው ግራ ሊመስል ይችላል። ይሁንና ዶሮዋ በመንደሩ ውስጥ የሚነሳ ስም የላትም፤ ልጁ ግን ነገ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ጓደኞቹም በስሙ ይጠሩታል።

ክርክሩ በሚካሄድበት ቤት ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት አያት ናቸው። ኮቪድ-19 በአብዛኞቹ ሕጻናት ላይ ቀለል ብሎ ያልፋል። “ይድናል፤ ለምን እናስጨንቀዋለን?” የሚለው አባባል ከዚህ የሚነሳ ሲሆን ከፊሉ እውነት ነው። በዕድሜ የገፉትን፣ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸውን ግን በሽታው ያጠናባቸዋል። ልጁ በአንድ መደብ ላይ ከአያቱ ጋር የሚተኛ ከሆነ የእርሱ ውጤት በዋናነት የሚጠቅመው እርሳቸውን ነው። ዳማ ከሴውን ቀጥቅጠው፣ ግንባሩን ዳብሰው፣ አፍንጫውን ጠርገው የሚያድሩት እርሳቸው ናቸውና። አያትን ከልጁ ለይቶ ማስተኛት ደግሞ ውጤት እስኪመጣ የሚጠበቅ ጉዳይ አይደለም፤ ትኩሳቱና ሳሉ ከታዩበት ምሽት መጀመር ይችላል። በዚህ ነጥብ ላይ ምርመራውን የሚደግፈውም የሚቃወመውም ወገን በቀላሉ ሊስማማ ይችላል።

ለልጁ ለራሱም የሚሆን ምክንያት አለ። በጥቂት ሕጻናት ላይ ቫይረሱ ከያዛቸው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ብዙ የሰውነት ክፍሎችን የሚያስቆጣ ከባድ ሕመም ሊከተል ይችላል። የማይበርድ ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ የዓይን መቅላት፣ የሆድ ሕመምና ማስመለስ ምልክቶቹ ናቸው። ሐኪሙ ቀደም ሲል ልጁ ኮሮና ይዞት እንደነበር ካወቀ ሕመሙን ለመለየት ይቀለዋል።

የወባ ወረዳዎች ክርክር ደግሞ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። በጣና ዙሪያ ባሉት የደምቢያና የፎገራ ሜዳዎች፣ እንዲሁም በሌሎች ቆላማ አካባቢዎች፣ ክረምቱ ካበቃ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ ይበረታል። በዚህ ወቅት ያተኮሰ ልጅ ወባ ይሁን ኮሮና በዓይን አይታወቅም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊይዙት ይችላሉ። “ወባ ነው እንጂ ኮሮና አይደለም” የሚለው ሰው ሊሳሳትም ላይሳሳትም ይችላል። ስህተቱ የሚመጣው ግን ይህን ብሎ ልጁን ቤት ሲያስቀምጠው ነው። የወባ ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ሕክምና እንዲያገኝ ይመከራል፤ ሁለት ቀን እንየው የሚለው ሐሳብ ጉዳዩ ኮሮና ባይሆንም እንኳ አያዋጣም። የወባ ፈጣን ምርመራ ከጣት ጠብታ ደም ተወስዶ በ15 እና በ20 ደቂቃ መካከል ውጤቱ የሚታወቅ ሲሆን በጤና ኬላም ይሠራል።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል። ልጅን ወደ ጤና ተቋም መውሰድና ልጅን ለኮሮና ማስመርመር ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው። በቤት ውስጥ ሁለቱ ተቀላቅለው ስለሚነሱ አንዱን የሚቃወም ሰው ሌላውንም አብሮ ይከለክላል። በሁለተኛው ላይ ያልተስማማ ቤተሰብ በመጀመሪያው ላይ መስማማት ይችላል። ትንፋሹ የፈጠነ፣ ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው፣ የፈዘዘና አልነቃ ያለ፣ ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ልጅ የቤተሰብ ምክክር አይጠብቅም፤ ወዲያውኑ መወሰድ አለበት። ትንፋሽን መቁጠር ማንኛውም ወላጅ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። ልጁ ሳያለቅስ፣ ረጋ ባለበት ጊዜ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል። ከ2 ወር በታች ላለ ጨቅላ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጥኗል ይባላል።

ምርመራው ራሱ አጭር ነው። ባለሙያው ጫፉ ጥጥ የመሰለ ቀጭን ዘንግ በአፍንጫ ወይም በጉሮሮ አስገብቶ ናሙና ይወስዳል። ዓይን ያስነባል፣ ያስነጥሳል፣ ሕጻንን ያስለቅሳል፤ ግን ከአንድ ደቂቃ በታች ያልቃል። ናሙናው በላቦራቶሪ የሚታየው የቫይረሱን ዘረመል በሚያባዛ መሣሪያ ከሆነ ውጤቱ ይዘገያል፤ አስተማማኝነቱ ግን ከፍ ያለ ነው። ፈጣኑ ምርመራ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውጤት ይሰጣል፤ ሆኖም የያዘውን ሰው አልያዘውም ሊል ይችላል። በተለይ ቫይረሱ በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተወሰደ ናሙና ላያሳይ ይችላል፤ ምልክቱ የሚታየው በአማካይ ከ5 እስከ 6 ቀን፣ ሲዘገይ እስከ 14 ቀን ቆይቶ ነውና። “ነጻ ነው ተባለ” ተብሎ የሚያስለውን ልጅ በዚያው ቀን ወደ አያቱ መደብ መመለስ ስለዚህ አይገባም።

ቫይረሱ ቢገኝበትስ? ክርክሩን የሚያበርደው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው፤ መነሳት ያለበትም ከምርመራው በፊት ነው። ሕመሙ የቀለለ ልጅ በቤቱ ሊቆይ ይችላል። ሕጻንን እንደ አዋቂ በአንድ ክፍል ዘግቶ ማስቀመጥ አይቻልም፤ የሚደረገው ከቤተሰቡ አንድ ጤነኛና ዕድሜው ያልገፋ ሰው መርጦ እንዲያስታምመው ማድረግ ነው። አስታማሚው የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያደርጋል፣ እጁን በሳሙና ይታጠባል፣ የልጁን መመገቢያ ይለያል፣ መስኮትና በር ከፍቶ አየር ያስገባል። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች መሸፈኛ ማድረግ እንደማያስፈልግ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ መክረዋል። የምታጠባ እናት ቫይረሱ ቢገኝባትም ማጥባቷን አታቋርጥም፤ መሸፈኛ አድርጋና እጇን ታጥባ ትቀጥላለች። አዝመራ በሚሰበሰብበት ሰሞን ቤቱ ጉልበት ካጠረው ማን እህሉን እንደሚያስገባ፣ ማን ውኃ እንደሚቀዳ፣ ገበያ ማን እንደሚወጣ አስቀድሞ መነጋገር ይቻላል። እዚህ ላይ ወንፈልና ደቦ የለመደ መንደር ከከተማው ይሻላል ማለት ይቻላል።

ሕጉ በዚህ ላይ የሚለው አለው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አባትና እናት በጋብቻ ሳሉ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጃቸው በጋራ አሳዳሪ መሆናቸውን፣ አሳዳሪውም የልጁን ጤንነት የመከታተልና በታመመ ጊዜ እንዲድን አስፈላጊውን የማድረግ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ ባል ብቻውን ከልካይ፣ ሚስትም ብቻዋን ወሳኝ አይደሉም። በርካታ ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ወላጆቹ ከተፋቱ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ሲወስን ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ስለ ጤናውና ስለ መጠየቅ መብት ጭምር ስለሚወስን፣ ያ ውሳኔ ወጥቶ ቢነበብ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀንሳል። በተግባር ከባዱ ልጁ ቅዳሜና እሑድ ወደ ሌላኛው ወላጅ ሲሄድ ነው። “ሳይመረመር አላስገባም” የሚለው ቃል የቀደመውን ቂም ተሸክሞ ከመጣ ከበሽታ ጥንቃቄ ይልቅ ቅጣት ይመስላል፤ ልጁም ይህን ይረዳል።

ከአረብ አገር ወይም ከአሜሪካ የሚደውል ዘመድም በክርክሩ ይገባል። በሚኖርበት አገር ያየውን ይዞ “አሁኑኑ አስመርምሩት” ይላል፤ ጤና ጣቢያው የሁለት ሰዓት መንገድ መሆኑን፣ መመርመሪያውም ሁልጊዜ እንደማይገኝ ላያስታውስ ይችላል። ለዚህ ክርክር የቅርቡ ሰው ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ቤቱን ታውቃለች፣ ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ ታውቃለች፣ የትኛው ምርመራ በየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚሰጥ ልትናገር ትችላለች። አያት የሚሰሙት የነፍስ አባታቸውን ወይም ሼሁን ከሆነ እነርሱን መጥራት ነውር የለውም፤ ጸበሉም ዱአውም ከምርመራው ጋር አይጣላም። የታካሚን ምሥጢር መጠበቅ የጤና ባለሙያ ግዴታ በመሆኑም ውጤቱ ለመንደሩ እንዳይወራ ቤተሰቡ በግልጽ መጠየቅ ይችላል።

ልጁስ? ሁሉም ስለ እርሱ ሲነጋገሩ እርሱ መጋረጃ ጀርባ ተኝቶ ይሰማል። አራትና አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ምን እንደሚደረግ በቀላል ቃል ሊነገረው ይገባል፤ አፍንጫህን በቀጭን እንጨት ይነኩሃል፣ ዓይንህ ያነባል፣ እኔ እቅፌ ላይ አስቀምጬህ እሆናለሁ፣ ከዚያ ወደ ቤት እንመለሳለን። አያምም ብሎ መዋሸት ለሚቀጥለው ክትባትም ሆነ ምርመራ እምነቱን ያሳጣል። ባለሙያው ሲቀርብ አንደኛው ወላጅ ጀርባውን ወደ ደረቱ አስጠግቶ፣ በአንድ እጁ ክንዶቹን፣ በሌላው ግንባሩን ደገፍ አድርጎ ይይዘዋል። ይህን ለማድረግ በማታው ክርክር የተቃወመው አባት ቢመረጥ መልካም ነው፤ ልጁ ሁለቱም ወላጆቹ እንደተስማሙ የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።