ጥይቱ ባይተኮስ ኖሮ፦ የቻይና ሪፐብሊክ ያመለጣት ዕድል

እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 1913 ምሽት፣ የ30 ዓመቱ ሶንግ ጂያኦረን ወደ ቤጂንግ ሊሳፈር ሻንጋይ ባቡር ጣቢያ ሳለ በጥይት ተመታ። ከሁለት ቀን በኋላ አረፈ።

ፓርቲው ኩኦሚንታንግ በአዲሲቷ ሪፐብሊክ ምርጫ ከ596 የታችኛው ምክር ቤት መቀመጫዎች 269ኙን ይዞ አንደኛ ወጥቶ ነበር። የሶንግ ዕቅድ ግልጽ ነው፦ መንግሥት የሚመሠርተው ፓርላማው ይሁን፤ የፕሬዚዳንት ዩዋን ሺካይ ሥልጣን ይገደብ። የግድያው ምርመራ እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘለቀ፤ ዩዋን ግን ለፍርድ አልቀረበም።

ሶንግ ቢተርፍስ? "ቻይና ዴሞክራሲ ትሆን ነበር" ማለት ይቀላል። ነገር ግን ጦሩ የዩዋን ነበር። ገንዘቡም እንዲሁ፦ በኤፕሪል ፓርላማውን ሳያስፈቅድ ከአምስት አገራት ባንኮች 25 ሚሊዮን ፓውንድ ተበደረ።

ሆኖም ግድያው ያስከተለውን እንመልከት። በግድያውና በብድሩ የተቆጡ የደቡብ ግዛቶች በጁላይ አመፁ፤ ተሸነፉም። አመፁ ለዩዋን ሰበብ ሆነው፤ ኩኦሚንታንግን አገደ፤ በ1914 መጀመሪያ ፓርላማውን በተነ፤ በ1915 መጨረሻ ንጉሠ ነገሥት ነኝ አለ። በጁን 1916 ሞተ።

ያኔ ሶንግ ቢኖር 34 ዓመቱ ነበር። ዩዋንን ማሸነፍ አይጠበቅበትም፤ ፓርላማው ሳይዘጋ ሦስት ዓመት መታገሥ ይበቃው ነበር። አልሆነም። አገሪቱን የወረሱት ጄኔራሎች ከአሥር ዓመት በላይ ተቀራመቷት።

ሶንግ አልጋ ላይ ሆኖ የመጨረሻ ቴሌግራሙን አስጽፎ ነበር፤ የሕዝቡ መብት ይጠበቅ፣ ዘላቂ ሕገ መንግሥት ይውጣ የሚል። የተላከው ለዩዋን ሺካይ ነው።