እምባቦ ከአገው ምድር ሲታይ

እውነተኛ ዘመንን፣ ሥፍራንና ባለታሪኮችን መነሻ አድርጎ የጎደለውን በፈጠራ የሚሞላው የአማርኛ ታሪካዊ ልብ ወለድ፣ የእርስ በርስ ጦርነትን ሲተርክ አዘውትሮ የሚመለሰው ወደ አፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው፤ የጎጃሙ ተወላጅ አቤ ጉበኛ የጻፈው «አንድ ለናቱ» እና የብርሃኑ ዘሪሁን «የታንጉት ምስጢር» ለዚህ ምስክሮች ናቸው። ለደራሲው ዘመን ቅርብ የሆነውን ጦርነት ያነሣው ደግሞ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ሲሆን፣ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የተከፈተውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መሠረት አድርጎ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰብስቧል። ጎጃምንና ሸዋን ያፋጀው፣ የአገው ምድርንም ገዥ ያስለወጠው የእምባቦ ጦርነት ግን የእነዚህን ያህል ትኩረት የሚገባው ታሪክ ነው።

ጦርነቱ የተደረገው በግንቦት ወር 1874 ዓ.ም. ከአባይ በስተደቡብ፣ በሆሮ ጉዱሩ ምድር ነበር። ቀደም ሲል ራስ አዳል ይባሉ የነበሩት የጎጃሙ ገዥ በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆነው ሲነግሡ፣ ከፋና አካባቢው የወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ የዝባድና የቡና ምንጭ በመሆናቸው፣ የባርያ ንግድም በዚያው መሥመር ያልፍ ስለነበር፣ ማዕረጉ የክብር ስም ብቻ አልነበረም፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ይህንኑ አገር ይፈልጉት ነበርና የጎጃሙ ራስ ደረሶና የሸዋው ራስ ጎበና ዳጬ በግብር አሰባሰብ መጋጨታቸው ሁለቱን ንጉሦች ፊት ለፊት አገናኛቸው። በጦርነቱ የራስ ጎበና ፈረሰኛ ለሸዋ ድል ታላቅ ድርሻ ነበረው፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቆስለው ተማረኩ።

በዚያ ዘመን የጦር አዛዥ ከተጠመቀበት ስም ይልቅ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። የፈረስ ስም የሚባለው «አባ» በሚለው ቃል ተጀምሮ የፈረሱን መጠሪያ የሚያስከትል ሲሆን፣ ትርጉሙም የዚያ ፈረስ ጌታ እንደማለት ነው፤ በዚህ ልማድ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ተክለ ሃይማኖት አባ ጠና፣ ጎበና አባ ጥጉ ይባሉ ነበር። ስሙ በፉከራና በሽለላ ሲጠራ ጭፍራው፣ ማለትም ከጌታው ጋር የሚዘምተው ሠራዊት፣ ወኔው ይነሣሣል፤ በአቧራና በጢስ መካከል ጌታውን ያጣ ወታደርም ይህን ስም ሲሰማ ወገኑ ወዴት እንዳለ ይለያል። በጥሊሊና በእንጅባራ ዙሪያ ላደገ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም፤ ፈረስ በአዊ፣ ማለትም በአገው፣ ምድር ዛሬም የቤተሰብ ክብር ነውና። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ሲያከብር፣ ግላስ የሚባለው ባለጌጥ ልብስ ከኮርቻው ጋር ተጭኖ፣ ልጓሙ በጌጥ አሸብርቆ፣ ጋላቢው እርካቡን ረግጦ ሲነሣ የሚታየው ሁኔታ የጥንቱን ፈረሰኛ አነሣሥ በዓይነ ኅሊና ለማየት ከየትኛውም ጽሑፍ የተሻለ ያግዛል።

ከአዛዦቹ ስም በታች ያለው ሕይወት ግን በዜና መዋዕል ብዙ ቦታ አያገኝም። የዘመኑ ዘማች መንግሥት የሚያበላው ሳይሆን በሶውን፣ ቆሎውንና ድርቆሹን ከቤቱ ይዞ የሚወጣ ነበር፤ ስንቁ ሲያልቅ የሚያልፍበት አገር ገበሬ ጎተራ ይከፈታል። ጋሻ ጃግሬ፣ ማለትም የጌታውን ጋሻና መሣሪያ ተሸክሞ የሚከተል አገልጋይ፣ እህል ፈጭተውና ጋግረው ሠፈሩን የሚያቆሙ ሴቶች፣ አህያና በቅሎ የሚነዱ ልጆች ሁሉ ከሠራዊቱ ጋር ይጓዛሉ። ጦርነቱ የሆነበት ወርም ቀላል ነገር አይደለም፤ ግንቦት የክረምት ዋዜማ በመሆኑ አባይ ሲሞላ መሻገሪያው እንደሚዘጋ የሚያውቅ ጎጃሜ፣ ከጠላቱ ሌላ ከኋላው ያለውን ወንዝም ማሰብ ነበረበት። በዚህ ጸሐፊ እምነት የእምባቦ ልብ ወለድ ከሁሉ በፊት መያዝ ያለበት ይህን ጭንቀት ነው።

የሽንፈቱ ዋጋ በጦር ሜዳ ብቻ አልተከፈለም። ሁለቱ ንጉሦች ያለ እርሳቸው ፈቃድ በመዋጋታቸው የተቆጡት አፄ ዮሐንስ ሁለቱንም ሲቀጡ፣ ከምኒልክ ወሎን ወስደው ለልጃቸው ለራስ አርአያ ሥላሴ፣ ከተክለ ሃይማኖት ደግሞ አገው ምድርን ወስደው ለራስ አሉላ፣ በፈረስ ስማቸው ለአባ ነጋ፣ ሰጡ። አሉላ መረብ ምላሽን፣ ማለትም ከመረብ ወንዝ ማዶ ያለውን አገር፣ ይገዙ የነበሩ ሰው በመሆናቸው፣ ዛሬ ጥሊሊ በጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማነት የተቀመጠችበት የአገው ምድር ዕጣ፣ ከአባይ ማዶ በተደረገ ውጊያ ምክንያት ከሰሜን ጫፍ ለተሾመ ጌታ ተላለፈ። ግዛት ሲተላለፍ የሚለወጠው የሹሙ ስም ብቻ አይደለም፤ ግብር የሚሰበስበው፣ ዳኝነት የሚቀመጠው፣ ወታደሩን በገበሬው ቤት የሚያሳድረው ሰው ሁሉ ይለወጣል፤ ገበሬው ግን ያንኑ ገብሱን ይሰፍራል።

ይህን ዘመን በጎጃም በኩል ከጻፉት መካከል አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የተለየ ቦታ አላቸው። ከአባይ ማዶ ተወልደው፣ በልጅነታቸው በዘመቻ ተማርከው ወደ ጎጃም የመጡና በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ያደጉ ሠዓሊና የታሪክ ጸሐፊ ሲሆኑ፣ እምባቦ የተወለዱበትንና ያሳደጋቸውን አገር በአንድ ሜዳ ያገናኘ ጦርነት ነበር። በሸዋ በኩል የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የምኒልክ ዜና መዋዕል ስላለ፣ ልብ ወለድ ጸሐፊ የሁለቱን ወገን አዛዦች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማንበብ ይችላል፤ የጋሻ ጃግሬውን፣ የጋጋሪዋንና ጎተራው የተከፈተበትን የአገው ገበሬ ድምፅ ግን ከሁለቱም መጻሕፍት ውጭ፣ በአገውኛው ቋንቋ በአውንጊ ከሚያወጉ ሽማግሌዎች ዘንድ መፈለግ ይኖርበታል።